«አባ ስንት አመቱ ነው?» - አንዲት የደሴ ልጅ በኮሮናው ክረምት

ይሄን ጉዳይ የምጽፈው ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ነው፣ ስም አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም፣ ደሴ መሆኑ ይበቃል። ልጅቷ ያኔ 8 አመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ታናሽ ወንድሟ ደሞ 4። እናትየው ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ለደንበኛ ትሸጣለች፣ የአባትየው እናት አብረዋቸው ነው ሚኖሩት፣ አባትየው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እኔ ልጅቷ የምትማርበት ትምህርት ቤት የጋይዳንስና ካውንስሊንግ ስራ ላይ ነኝ፣ እናትየው ስልኬን ያገኘችው ከክፍል መምህሯ ነው።

ስትደውልልኝ ያለችኝ ነገር ስለ ጭንቀት ወይ ስለ ፍርሀት አልነበረም። «ቲቸር ይቅርታ በዚህ ሰአት፣ ይቺ ልጅ ውሃ ጨረሰችብኝ» ነው ያለችኝ። ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ በጀሪካን የተጠራቀመውን ልጅቷ እጇን እየታጠበች ታጋምሰዋለች፣ ቢቆጧት አትሰማም፣ ሳሙና ቢደበቅባት በኦሞ ትታጠባለች፣ የእጇ ጀርባ ተሰነጣጥቆ ደም መቋጠር ጀምሯል። ሌላስ ስላት ሌላው ቀስ እያለ ወጣ፣ ድሮ የተወችው አልጋ ላይ መሽናት ተመልሷል እሱም ወደ ንጋት አካባቢ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ትላለች፣ ወንድሟ ሲስቅ ትመታዋለች፣ ስልክ ሲጠራ ከእናቷ ቀድማ ሮጣ ታያለች ግን አታነሳም። አንድ ነገር ደሞ እናትየው በመሀል እንደ ዋዛ ጣል አደረገችው፣ «አባ ስንት አመቱ ነው እያለች በቀን አስሬ ትጠይቀኛለች፣ ነግሬያት ስታበቃ ነገም ትጠይቀኛለች»። ይሄን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፣ ምን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም።

ጊዜውን ላስታውስ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፣ በሶስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መጨባበጥ ቀረ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፣ ታክሲ በግማሽ ሰው ሆነ። ፋሲካም ኢድም በየቤቱ ነው ያለፈው። ልጆች ከጓደኛም ከመስክም ተለይተው ቤት ሲውሉ ቲቪው ክፍት ነው፣ ስልክ ሲደወል እንኳን ከመጥሪያው በፊት ስለ ኮሮና የሚያስጠነቅቅ ድምጽ ነበር የሚሰማው። በየቀኑ ጤና ሚኒስቴር መግለጫ ያወጣል፣ ባለፉት 24 ሰአታት ይሄን ያህል ሰው ተመርምሮ ይሄን ያህሉ ተገኘበት ይባላል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሞ የሞተ ሰው ካለ እድሜው፣ ጾታውና ከየት እንደሆነ ጭምር ይነገር ነበር።

በዛ ሁሉ መሀል ሹፌሮች ስራ ላይ ነበሩ። የሀገሪቱ ገቢና ወጪ እቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ስለሚያልፍ ሹፌርን ቤትህ ተቀመጥ ሚለው የለም። አባትየው ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ ይወርዳል፣ ከሚሌ ጋላፊ፣ ከዛ ወደብ። መንገድ ላይ የድሮ ደንበኛ ምግብ ቤቶች የጅቡቲ መኪና ሲያዩ ፊት መንሳት ጀምረው ስለነበር ራሱ ጋቢና ውስጥ እያበሰለ እየተኛ ነበር የሚመላለሰው። ቤት ሲመጣ ህግ አለ፣ ልብሱን በር ላይ አውልቆ በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ከዛ በፊት ልጆች አይነኩትም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ግን ልጅቷ ውጪ ስትጫወት ነበርና መኪናውን አይታ ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች፣ እናትየው ከውስጥ «አትንኪው!» ብላ ጮኸች፣ በዛው አለፈ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ስልክ ተደወለ። መንገድ ላይ የሰጠው ናሙና ፖዘቲቭ ሆኗል። አምቡላንስ መጣ፣ ነጭ ከእግር እስከ ራስ የለበሱ ሰዎች ወረዱ፣ ፊታቸው አይታይም፣ ጎረቤት በየአጥሩ ቆሞ ያያል። አባትየው በእግሩ ሄዶ ገባ፣ ትንሽ ሳል እንጂ ሌላ ነገር አልነበረበትም። ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተወሰደ። ከቤተሰቡም ናሙና ተወሰደ፣ ሁሉም ነጌቲቭ ሆኑ፣ ለ14 ቀን ከቤት እንዳይወጡ ተነገራቸው።

ለልጆቹ የተነገራቸው ግን አባ ለስራ ጅቡቲ ሄደ የሚል ነው። ትንሹ ተቀበለ። ልጅቷም እሺ አለች። አምቡላንሱን በመስኮት አይታለች፣ እናትየው ማየቷን ታውቃለች፣ አያትየውም ያውቃሉ፣ ሁሉም የማያውቁ መስለው በዛው ቀጠሉ።

እዚህ ጋ እናትየውን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ አልወቅሳትም። ባሏ ተወስዷል፣ ሚከፈል ኪራይ አለ፣ ደንበኞቿ በርበሬዋን ፈርተው ትተዋታል፣ አንድ ልጅ በአጥር በኩል «ኮሮናዎች» ብሎ ድንጋይ ወርውሯል፣ አማቷ ደሞ ቀንም ማታም ያለቅሳሉ። ለሳቸው ቦሩ ሜዳ ማለት ሌላ ነገር ነው፣ ድሮ የስጋ ደዌ ህሙማን ሚታከሙበት ቦታ ነበርና በሳቸው ልጅነት እዛ የገባ ሰው ከሰፈር ተቆረጠ ማለት ነው፣ አሁን ሆስፒታሉ ለኮሮና ታማሚዎች ማከሚያ ሆኗል ቢባሉም ሆዳቸው አልተቀበለውም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ለ8 አመት ልጅ እውነቱን ልንገር ብሎ ማን ይነሳል።

14ቱ ቀን ካለቀ በኋላ ነው እኔ የሄድኩት። ማስክ አድርገን በረንዳ ላይ ተራርቀን ተቀመጥን፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ካፊያ ነገር ይላል። ልጅቷን ስለምንም ነገር አልጠየቅኳትም፣ ወረቀትና ከለር ሰጥቻት ቤታችሁን ሳዪልኝ አልኳት። በዚህ እድሜ ያለ ልጅ ፊት ለፊት ምን ተሰማሽ ብትሉት ወይ ምንም ይላችኋል ወይ እናንተ መስማት ምትፈልጉትን ይላችኋል፣ እጁ ስራ ሲይዝ ግን አፉም ይፈታል።

ቤቱን ሳለች፣ የቆርቆሮ በሩን ሳለች በጣም ትልቅ አድርጋ፣ ከቤቱ ይበልጣል። ከበሩ ውጪ አራት ሰዎች ደረደረች፣ ጋቢ የለበሱ፣ ሁለቱ ከዘራ ይዘዋል። ሰማዩን በጥቁር እርሳስ ሞላችው። እነዚህ እነማን ናቸው ስላት ቀና ሳትል «ሊነግሩን የሚመጡ» አለች። ምን? «አባ መሞቱን»።

እናትየው በር ላይ ቆማ ነበር፣ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን የያዘልኝ። ከዛ በፊት በነበረው አመት የእናትየው ታናሽ እህት አረብ ሀገር ሞታ ነበር፣ እንደኛ ሀገር ወግ እናትየው ቶሎ አልተነገራትም፣ ሰዉ ሁሉ አውቆ እሷ ብቻ ሳታውቅ ቀናት አለፉ። ትንሽ አሟት ሆስፒታል ገብታለች ተባለች፣ ቡና ላይ ሰው ዝም ይል ጀመር፣ ስልክ ሲደወል ጓሮ እየወጡ ማውራት መጣ፣ ከዛ አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በር አንኳኩ። ልጅቷ ይሄን ሁሉ አይታለች፣ እንደውም ማድ ቤት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰምታ ከእናቷ ቀድማ አውቃ ነበር፣ ማንም ግን አንቺስ ብሎ አልጠየቃትም። አሁን ደሞ አባቷ ሄደ፣ ቡና ላይ ዝምታ ነው፣ ስልክ ጓሮ ይወራል፣ አያቷ ያለቅሳሉ፣ ሲጠየቁ ደህና ነው ይላሉ። ልጅቷ ያየችውን ነው የደመረችው። አባቷ ሞቷል፣ የቀረው መርዶ ብቻ ነው። መርዶ ደሞ ሚመጣው ንጋት ላይ ነው፣ ስለዚ በየሌሊቱ ወደ ንጋት ትነቃለች፣ በሩን ታዳምጣለች፣ ለመሽናት ከአልጋ ብትወርድ በሩ የሚንኳኳ ይመስላታል፣ እዛው ያመልጣታል።

የእድሜው ጥያቄም መልስ አገኘ። የደብተሯን የመጨረሻ ገጾች አሳየችኝ፣ ከቲቪ እየሰማች የሞቱ ሰዎችን እድሜ በየቀኑ በእርሳስ ትጽፍ ነበር፣ ከጎኑ ወ ወይም ሴ ታደርጋለች። የአባቷን እድሜ የሚያህል ወንድ ይመጣ እንደሆነ ነው ምትጠብቀው። አንድ ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖባት ተሰርዞ ተጽፎ ተሰርዞ ወረቀቱ ተቀዷል።

በኛ ቤት ልጅ ምን ያውቃል ይባላል። እኔ በዚህ ስራ የማየው ልጅ የተነገረውን ሳይሆን የትልልቆችን ፊት እንደሚያምን ነው፣ ፊቱና ቃሉ ካልገጠመ ክፍተቱን በራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላበት ነገር ደሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የባሰ ነው። እዚህ ቤት እውነቱ ሳል ያለበትና እያገገመ ያለ አባት ነበር፣ ልጅቷ ጋ ያለው ግን የተቀበረ አባት ነው። የአለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 ባወጣው የአእምሮ ጤና ምክር ላይም ለልጆች በእድሜያቸው ልክ እውነቱን ንገሯቸው፣ ስሜታቸውን በጨዋታና በስእል እንዲያወጡት እርዷቸው፣ የለመዱት የቀን ውሎ እንዳይፈርስ አድርጉ የሚል ነበረበት፣ በጭንቀት ጊዜ ልጅ ወላጁ ላይ መለጠፉ የተለመደ ነው ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፣ ግን ደሴ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበታል፣ እኛ ሞትን በመደበቅ የኖርን ሰዎች ስለሆንን መደበቃችን ራሱ ለልጅ ሞት ነው ሚያወራው።

አሁን ይነገራት ሲባል አያትየው አልተስማሙም። «ልጄ፣ የልጅ ሆድ አይችልም፣ ሳትበላ ሳትጠጣ ብትቀርብኝስ» አሉኝ። እማማ፣ ሞቷል ብላ ነው እኮ የተቀመጠችው፣ ከዚህ የባሰ ምን እንነግራታለን አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እሷው ናት ለካ ከኔ በፊት ሀዘን የተቀመጠችው» አሉና እንባቸው መጣ፣ ከዛ በኋላ ከሳቸው የበለጠ አጋዥ አላገኘሁም።

ከእናትየው ጋር ስለ ሰአቱ ብዙ አወራን። ንጋት ላይ አይሆንም፣ ማታም ከተነገራት ሌሊቱን ብቻዋን ነው ምትሸከመው፣ ረፋድ ላይ እንዲሆን ተስማማን፣ ቡና እየተፈላ፣ ከውጪ የተጠራ ሰው ሳይኖር፣ እናትየውም ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ እንደ ወትሮው ሻሿን አስራ። ትንሹም አብሮ ይቀመጥ አልኩ። ምን እንደምትል አስቀድመን በስልክ ተለማመድነው፣ ምክንያቱም ስትጀምረው ሁሌ ማልቀስ ይቀድማታል፣ ማልቀሷ ችግር የለውም ግን ልጅቷ ቃሉን ሳትሰማ እንባውን ካየች ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ያለችው በግምት እንዲህ ነው። «አባ ኮሮና ይዞታል። ጅቡቲ አይደለም ያለው፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። እኔ እንዳትፈሩ ብዬ ነው ጅቡቲ ያልኳችሁ። አልሞተም። ትላንት ማታ አውርቼዋለሁ፣ ያስለዋል፣ ምግብ ይበላል። ሀኪሞቹ ሁለት ጊዜ ሲመረምሩት ነጌቲቭ ከሆነ ይመልሱታል፣ መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ የሰማሁትን በሰማሁበት ቀን እነግርሻለሁ፣ ጥሩም ቢሆን መጥፎም ቢሆን ከኔ ነው ምትሰሚው።» በእርግጠኝነት ይመለሳል የሚል ቃል እንዳትጨምር ለምኛት ነበር፣ አልጨመረችም። አያትየው «ኢንሻአላህ ይመጣል» አሉ፣ ያ ከሳቸው አፍ ጸሎት ስለሆነ ቦታው ነው።

ልጅቷ አላለቀሰችም። መጀመሪያ የጠየቀችው «ማነው ቡና ሚያፈላለት?» ብላ ነው። ቀጥላ ማታ መብራት ይጠፋል ወይ፣ ብርድ ልብስ አለው ወይ፣ ነጫጮቹ ሰዎች ፊት አላቸው ወይ። ያ የመጨረሻው ጥያቄ ለትልቅ ሰው ሊያስቅ ይችላል፣ ለሷ ግን አባቷን የወሰዱት ፊት የሌላቸው ናቸው። እናትየው በዛው ደወለችለት። አባትየው ሲያወራት ዝም ብላ ሰማችና «አንተ ከሆንክ ጥሩምባውን አሰማኝ» አለችው፣ ሁሌ መኪናውን ሰፈር ሲያስገባ በአፉ ሚያሰማት የጥሩምባ ድምጽ አለ፣ እሱም እያሳለ እያሳለ ነፋላት። ከዛ ነው ያለቀሰችው፣ ብዙ አለቀሰች፣ እናቷ ጭን ላይ ተኝታ እስከ ምሳ አልተነሳችም።

በዛ ሁሉ ነገር አልቆ ቢሆን ደስ ባለኝ። ንጋት ላይ መንቃቱ ቀነሰ፣ እጅ መታጠቡ ግን አልቀነሰም፣ እንደውም ለጥቂት ቀን ባሰ። ፍርሀቱ ከወጣ እጇ ለምን አልተወም እያልኩ ሳሰላስል አንድ ቀን ውሃ እያፈሰስኩላት በጨዋታ መሀል አባ ለምን ታመመ ብለሽ ታስቢያለሽ አልኳት። «እጄን ሳልታጠብ ነክቼው» አለች። የአፈር ጨዋታ ላይ ነበረች፣ ሮጣ አቀፈችው፣ እናቷ አትንኪው ብላ ጮኸች፣ በሁለተኛው ቀን ወሰዱት። እናትየው የጮኸችው ለልጇ ፈርታ ነው፣ ልጅቷ የሰማችው ግን ተገላቢጦሹን ነው፣ አባቷን ከሷ ሊያድኑት መስሏታል። የዚህ እድሜ ልጅ መጥፎ ነገር ሲመጣ ራሱን መሀል ላይ ማስቀመጡ የተለመደ ነው፣ ወላጅ ሲታመምም ሲፋታም እናየዋለን።

እዚህ ላይ ያንቺ ጥፋት አይደለም ብሎ መድገም ብዙም አይሰራም፣ ትልቅ ሰው ሁሉ ለማጽናናት እንደዛ እንደሚል ልጅ ያውቃል። እኔ የቀን ቅደም ተከተሉን ነው የተጠቀምኩት። ወረቀት ላይ መንገዱን ሳልን፣ ጅቡቲ፣ ጋላፊ፣ ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ። ናሙና የሰጠው እዚህ ጋ ነው፣ ከሚሌ በፊት። አንቺ ያቀፍሽው እዚህ ጋ ነው፣ ደሴ። የትኛው ይቀድማል? ረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየችው። «ሲመረምሩት አላቀፍኩትም» አለች። አዎ አላቀፍሽውም። ማታ አባትየው በስልክ ያንኑ በራሱ አፍ ነገራት፣ ታምሜ ነው የመጣሁት አላት፣ ያቺን ወረቀት ደሞ አልጋዋ ጋ ለጠፈቻት።

እጅ መታጠቡን አቁሚ አላልናትም፣ በወረርሽኝ ጊዜ እንዴት ይባላል። ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን እንደሚያፈርሰው፣ ለዛ 20 ሰከንድ እንደሚበቃውና ከዛ በላይ ማሸት ቫይረሱን ሳይሆን ቆዳዋን እንደሚጎዳ ነገርኳት፣ መቼ መቼ እንደምትታጠብ አብረን ወሰንን፣ ከምግብ በፊት፣ ከሽንት ቤት፣ ከውጪ ስትገባ። ሌላ ጊዜ ልታጠብ ሲላት ወደ እናቷ ትሄዳለች፣ እናትየው እጇን ይዛ ቫዝሊን ትቀባታለች ቀስ ብላ ጣት በጣት። ለኔ ከሁሉም በላይ የሰራው ይሄ ይመስለኛል፣ ሰው መንካት በተከለከለበት ጊዜ የልጅ እጅ ይዞ መቀመጥ።

አልጋ ማርጠቡን በተመለከተ አያትየው ድሮ በሚያውቁት ማስፈራራት ፈልገው ነበር፣ ተለመኑና ተዉት። ላስቲክ ተነጠፈላት፣ እናትየው ከመተኛቷ በፊት አንዴ ትቀሰቅሳታለች፣ ጠዋት ረጥቦ ቢገኝ ወንድሟ ፊት ምንም አይባልም። ቲቪውን ደሞ መግለጫው ሰአት ላይ ማጥፋት ጀመሩ፣ እናትየው ለብቻዋ ሰምታ ለልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ትነግራታለች፣ አባ ዛሬ እንዲህ ነው። ደብተሩን አልቀማናትም። እሷው አንድ ቀን ገጾቹን ገንጥላ ለከሰል ማቀጣጠያ ሰጠቻቸው።

ስለ ከሰል ካነሳሁ፣ ፍርሀት ሲመጣባት ልቤ ይሮጣል ትል ነበር። በረጅሙ መተንፈስ ብዬ ላስተምራት ብሞክር አልያዘላትም፣ አያትየው ቡና ሲያፈሉ ግን ፍሙን እፍ ማለት ትወዳለች። እማማ በዛው ተጠቀሙበት፣ ቀስ ብለሽ፣ አመዱ ሳይነሳ፣ ረጅም አድርገሽ ይሏታል። አመዱን ሳያስነሱ እፍ ማለት በጣም ቀስ ያለ ትንፋሽ ነው የሚፈልገው፣ ሞክሩት። ልቧ ሲሮጥ ምድጃ ባይኖርም መዳፏ ላይ እፍ ትላለች።

ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋረጠ። ከዛ በፊት በኢሞ ፊቱን ማየት ጀምራ ነበር፣ በቃ ጠፋ። እናትየው መቋረጡን ሳትነግራት ቀኑ መሸ፣ ልጅቷ ደሞ ወዲያው ወደ ድሮው ተመለሰች፣ ፊቱን አሳዩኝ፣ ድምጹ የተቀዳ ነው አለች። ሁለት ሌሊት አልተኛችም። በጎረቤት ስልክም ኢንተርኔት እንደማይሰራ በአይኗ እንድታይ አደረግን፣ ግን በቂ አልነበረም። መፍትሄው ከሷ ነው የመጣው፣ ስእል ልላክለትና ምን እንዳለበት ይንገረኝ አለች። ዘመድ ልብስ ሲያደርስ ስእሉም ተጨምሮ በጥበቃ በኩል ገባለት፣ እናቷ እንኳን ሳታየው ነበር የታሸገው። ማታ ሲደውል «አንዱን ጎማ ቀይ አድርገሽዋል፣ ለምን?» አላት። በዛች ቀን እራት ደግማ በላች።

ሚያናድደኝና እስካሁን ያልወጣልኝ የሰፈሩ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ተመርምረው ነጌቲቭ ናቸው፣ 14 ቀናቸውን ጨርሰዋል፣ ግን ልጅቷ ውጪ ስትወጣ ሌሎቹ ልጆች ይበተናሉ፣ አንዷ እናት ልጇን ከአጠገቧ ስትጎትት ልጅቷ እያየች ነው። ቡናው ሁሉ አብሮ ሚጠጣበት፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ አብሮ ሚኖርበት ሀገር ነው እኮ፣ እንዴት አንድ ሳል ይሄን ይቆርጠዋል። ለልጅቷ ምን እንደምትመልስ አለማመድናት፣ «እኛ ተመርምረን የለብንም፣ አባቴ እየተሻለው ነው» ብላ ብቻ ወደ ስራዋ እንድትመለስ። አንድ ጎረቤት ግን መጥቀስ አለብኝ፣ ከቤት ባልወጡበት 14 ቀን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ቡና አፍልታ ጀበናውን በር ላይ አስቀምጣ «አብሽሩ!» ብላ ጮክ ብላ ተጣርታ ትሄድ የነበረች ሴትዮ ናት። ልጅቷ ወደ ውጪ መውጣት ስትጀምር መጀመሪያ የሄደችው እሷ ቤት ነው።

ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል እንድትታይ አስቤ ነበር። ምግብ ካቆመች፣ መሞት እፈልጋለሁ ካለች፣ ወይ የእጅ መታጠቡ በሳምንታት ውስጥ ካልቀነሰ እንደምንሄድ ለእናትየው ነግሬያት ነበር፣ እነዚህ ሲታዩ ቤት ውስጥ መታገል ልክ አይደለም። እዛ ሳንደርስ ቀነሰ።

አባትየው ከአረፋ በፊት፣ ሐምሌ ላይ ወጣ። ሁሉም ሮጣ ትጠመጠምበታለች ብሎ ጠበቀ፣ እሷ በር ላይ ቆመች። «ይነካል?» ብላ እናቷን ጠየቀች። ይነካል ስትባልም እጁን ብቻ ነው የነካችው። ከዛ በኋላ ለቀናት አኮረፈችው፣ ሲያወራት ትነሳለች፣ ያመጣላትን ብስኩት ለወንድሟ ትሰጣለች። እሱ በጣም ከፋው፣ ያን ሁሉ ናፍቆ። ይሄ እንደሚመጣ ለእናትየው ነግሬያት ስለነበር እሷ አስረዳችው። ልጅ የናፈቀው ሰው ሲመለስ ነው ንዴቱን ሚያወጣው፣ እስከዛ ድረስ ማውጣት ይፈራል፣ ምክንያቱም የተናደደበት ሰው ቢሞትስ። አባትየው ምንም ሳይል አጠገቧ እየተቀመጠ ጎማ ሲቀይር ብሎን አቀብዪኝ እያለ አቀራረባት።

ስራ ሲመለስ አልጋ ማርጠቡ ለጥቂት ቀን ተመልሶ ነበር። አሁን ግን ቤቱ መንገድ ይዟል፣ ሚሌ ሲደርስ ይደውላል፣ ጋላፊ ሲደርስ ይደውላል፣ አንዱ ጋ ኔትወርክ እንደማይኖር ካወቀ ቀድሞ ይነግራታል። ያችው ወረቀት ላይ እሷ በጣቷ ትከተለዋለች።

የረሳነው ትንሹን ነበር። እሱ አልፈራም፣ አልጮኸም፣ ጅቡቲም ሲባል አመነ፣ ቡና ላይ ሲነገርም ዶሮ እያባረረ ነበር። ጥቅምት 2013 ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ኬጂ ሊመዘገብ ሲሄድ ግቢው በር ላይ ነጭ ጋውን ለብሳ የሰውነት ሙቀት ምትለካ ሰራተኛ አይቶ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ልብሱ ላይ ሸና። እናትየው ደወለችልኝ፣ ግን ምክር ልትጠይቀኝ አልነበረም። ቤት መልሳ ከእህቱ ጋር አስቀምጣው እንደነበር፣ ያን ማታ የመጡት ነጭ ለባሾች እነማን እንደነበሩ ልጅቷ ራሷ እየሳለች እንዳስረዳችው፣ አንዱን ስትስለው ጭምብሉን አንስታ ከስሩ አይን፣ አፍንጫና አፍ እንዳደረገችለት ነገረችኝ። ትንሹ ኬጂ የገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ሙቀት ለኪዋን መጀመሪያ ማስኳን ዝቅ አድርጊ ብሏት፣ እሷም ራቅ ብላ ዝቅ አድርጋ ፊቷን አሳይታዋለች።